ሲሚንቶ የሌለው ካብ፦ ከአዳማ ወደ ገራዶ

እኔ አዳማ ላይ ብሎኬት እያመረትኩ የምሸጥ ሰው ነኝ። ወደ ወሎ የሄድኩት አገር ልጎበኝ አይደለም፤ አክስቴን ዘሐራን ይዤ ልመለስ ነው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው የሐይቅን ገዳም ወይም የጦሳን ተራራ እየጠበቀ የሚያነብ ሰው በኋላ እንዳይታዘበኝ ነው። ጦሳን በመኪና መስኮት አየሁት፤ ትልቅ ነው። ሐይቅን አላየሁም። ያየሁት ድንጋይና ሰው ነው፤ ሁለቱንም ጠርጥሬያለሁ።

የነገሩ መነሻ ስልክ ነው። ባለፈው ክረምት ከአክስቴ ቤት በላይ ያለው ካብ ተናደ። ካብ ማለት፣ ለማያውቀው፣ ያለ ጭቃና ያለ ሲሚንቶ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ተደርድሮ የሚቆም ግድግዳ ነው። ደሴ አጠገብ፣ የአክስቴ አገር ገራዶ እንዳለው ያለ ዳገት ላይ የላይኛውን ማሳ አፈር ደግፎ ይይዛል፤ ከታች ያለው ቤት የሚተርፈው በሱ ነው። ናዳው የአክስቴን የነጭ ሽንኩርት መደብ ቀብሮ ከቤቷ ጀርባ ሲደርስ ቆመ። "በልግ ሳይገባ ካልተካበ ቤቱም ይሄዳል" አለችኝ እያለቀሰች። ባሏ ከሞተ ቆይቷል፤ ልጅም የላትም፤ እናቴ ካረፈች ወዲህ እሷ ሙስሊም፣ እኔ ክርስቲያን ብንሆንም፣ እናት ብዬ የምጠራው ሰው እሷ ብቻ ናት። "ነይና ከእኔ ጋር ኑሪ" ብዬ ስወተውታት ከርሜ እሺ ልትል ጥቂት ሲቀራት፣ ጥር ላይ ደወለች።

"ልጆች ከኮምቦልቻና ከደሴ መጥተው ሊክቡልኝ ነው። በነፃ። ካቡ ከቆመ አልመጣም፤ ካልቆመ እመጣለሁ።"

በነፃ የሚለውን ስሰማ ጆሮዬ ቆመ። እኔ አገር በነፃ የሚሰጥ ነገር ቢኖር አቧራ ነው።

"ማን ጠራቸው?"

"ጋሽ መንገሻ ነዋ።"

ጋሽ መንገሻ የላይኛው ማሳ ባለቤት ናቸው። እናቴ በሕይወት ሳለች እንደነገረችኝ የአክስቴ ባልና እኚህ ሰው በድንበር ተካሰው ሽማግሌ ፊት ቆመዋል፤ ከዚያ በኋላ ካብ ለካብ ሲተያዩ ነው የኖሩት። እንግዲህ እናንተው ፍረዱ። ድንበር ላይ ያለው ካብ ፈረሰ። ባልየው አፈር ገብቷል። ሴትየዋ ብቻዋን ናት። በድንበር የከሰሳቸው ሰውዬ ደግሞ መጥቶ "በነፃ ላስክብልሽ" ይላል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ብዬ ሲባጎዬን፣ ውሃ ልኬንና ቱንቢዬን ቦርሳ ውስጥ ከትቼ፣ ለአክስቴ ልብስ የሚሆን ባዶ የጨርቅ ሻንጣም አጣጥፌ ጨምሬ ተነሳሁ።

ረቡዕ አዲስ አበባ አደርኩ። ሐሙስ ጎህ ሳይቀድ የደሴ አውቶቡስ ላይ ተቀምጬ የቦርሳዬን ማንገቻ እግሬ ላይ አስሬ ነበር። አጠገቤ የተቀመጡት ነጭ ቆብ ያደረጉ የከሚሴ ሽማግሌ ናቸው። ደብረ ብርሃን ላይ ብርዱ በመስኮቱ ሲገባ ጋቢያቸውን ግማሹን ወደ እኔ ጣል አደረጉት። ትንሽ ቆይተው ብርቱካን ልጠው ግማሹን ዘረጉልኝ። አውቶቡስ ውስጥ ነገር እያበሉ አስተኝተው ስለሚዘርፉ ሰዎች ያልሰማሁት የለም።

"በልቻለሁ፣ አባቴ" አልኩ።

የራሳቸውን ግማሽ ዓይን ዓይኔን እያዩ በሉ። ቀጥለው የእኔንም በሉ። "ወንድሜ" አሉኝ አፋቸውን እየጠረጉ፣ "መርዝ ቢሆንማ መጀመሪያ አንተን ነበር የማቀምስህ።"

ጣርማ በር ላይ ደመናው መንገዱን ዋጠው። አዳማ ደመና ቀና ብለን የምናየው ነገር ነው፤ እዚያ ግን ጎማው ሥር ነበር። ደብረ ሲና ቆሎ የሚሸጡት ሴቶች መስኮቱን ሲከቡት ገዛሁ፤ ከፊሉ ጠጠር ይሆናል ብዬ አንድ በአንድ እያየሁ ስቆረጥም ሸዋ ሮቢት ደረስን። ሙቀቱ የአገሬን መሰለኝና ደስ አለኝ። ደስታዬ ግን ብዙ አልቆየም፤ ከዚያ ወዲያ ያለ ኬላ ላይ ሁላችንም ውረዱ ተባልን።

ፈታሹ ወጣት ነው። ቦርሳዬን በርብሮ ቱንቢዬን አወጣ። ቱንቢ የግንብን ቀጥ ማለት የምንለካበት በገመድ የሚንጠለጠል ሹል ብረት ነው፤ የእኔው ነሐስ ስለሆነ ያብረቀርቃል፤ ይከብዳልም። ልጁ በመዳፉ ላይ አገላብጦ እኔን አየኝ።

"ይሄ ምንድነው?"

"ቱንቢ ነው።"

"የምን ቱንቢ?"

"የግንብ። ግንብ ቀጥ ማለቱን የማይበት።"

"ከአዳማ ድረስ ግንብ ልታይ መጣህ?"

እውነቱን ልናገር ባስብ እውነቱ ራሱ ውሸት መሰለኝ፤ አክስት፣ ካብ፣ ድንበር፣ በነፃ። ሌላ ሰው መጣና እሱም አገላበጠው። ያን ጊዜ የከሚሴው ሽማግሌ ከኋላዬ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው "ልጄ፣ ልቀቀው ወላሂ! ይሄ ሰው ብርቱካን እንኳ ሳይለካ አይበላም" አሉ። አውቶቡሱ ሙሉ ሳቀ፤ ፈታሹም ሳቀና ቱንቢዬን መለሰልኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ስጠረጥር ኖሬ ስጠረጠር ምን እንደሚመስል ያየሁት ያን ቀን ነው። አልወደድኩትም። ቀሪውን መንገድ የሽማግሌውን ብርቱካን እየተመኘሁ ሄድኩ፤ አልቆባቸው ነበር።

ኮምቦልቻ ስንገባ ፀሐይ ልትጠልቅ ነበር። ሞቃት ነው፤ ባጃጁ፣ የፋብሪካው ጭስ፣ ከሥራ የሚወጣው ሕዝብ ቁርጥ አዳማን ነው። መናኸሪያው በር ላይ ሻሽ ያሰረች ሴት ቀጥ ብላ ወደ እኔ መጣች።

"ጋሼ ተሾመ እርስዎ ነዎት? አሚናት እባላለሁ። የካቡ ነኝ።"

"በምን አወቅሽኝ?"

"እትዬ ዘሐራ ቦርሳውን እግሩ ላይ ያሰረ ሰው ካየሽ እሱ ነው አሉኝ።"

አሚናት ክር ፋብሪካ ትሠራለች። የካብ ጓደኞቿን የምታስተባብረውም እሷ ናት፤ የፋብሪካ ሠራተኛ፣ አስተማሪ፣ የደሴ ኮሌጅ ልጆች። በዕረፍታቸው ቀን እየተጠራሩ የተናደ ካብ ወዳለበት ይሄዳሉ። "እናቴ ራት ሠርታ እየጠበቀች ነው፤ ዛሬ እኛ ቤት ነው የሚያድሩ" አለች። ለምን? አላውቃቸውም፤ አያውቁኝም። ጅብ የማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ ይላል ሲባል ነው የሰማሁት፤ እዚህ ሳይጠየቁ የሚያነጥፉ ሰዎች ገጠሙኝ። አመሰግናለሁ ብዬ መናኸሪያው አጠገብ አልጋ ያዝኩ።

የአልጋው ክፍል በር ቁልፉ አይሠራም። አልጋውን ጎትቼ በሩ ላይ አስደገፍኩና ተኛሁ። ዓርብ ጠዋት አልጋው ወለሉ ላይ ባለ ስንጥቅ ገብቶ አልላወስ አለ። ብጎትት፣ ብገፋ፣ ወይ ፍንክች! እዚያው ታሰርኩ። የቤቱ ባለቤት ከውጭ ሲገፋ፣ እኔ ከውስጥ ስጎትት፣ የአሚናት እናት ቁርስ ይዘው ደረሱ። የገብስ ቂጣ በቅቤና በበርበሬ ነበር። በትንሿ መስኮት አንድ በአንድ እያጠፉ አቀበሉኝ። "አብሽር ልጄ፣ እየበላህ ግፋ" ይሉኛል። እንደዚያ የጣፈጠኝ ቂጣ የለም። አናጢ መጥቶ በሩን ከማጠፊያው ነቅሎ አወጣኝ፤ አሚናት ሳቋን በሻሿ ጫፍ አፍና ቆማ ነበር።

ከጁምዓ ሶላት በኋላ በአይሱዙ የሐረጎን ዳገት ተጠማዘን ወደ ደሴ ወጣን። በእያንዳንዱ ጥምዝ አንድ ልብስ መደረብ ያስፈልጋል። ደሴ እንደ አዳማ ሜዳ ላይ የተዘረጋች አይደለችም፤ ቤቱ አንዱ ያንዱን ጣሪያ እያየ ተሰቅሏል። እዚህ ሰው ካብ ባያውቅ ኖሮ ከተማው ተያይዞ ወንዝ ይገባ ነበር ብዬ አሰብኩ። ልጆቹ መዶሻና ዶማ ሲጭኑ እኔ ዞር ብዬ አንድ የግንባታ ዕቃ መሸጫ ገባሁና ባለሱቁን ጠየቅኩት።

"እነዚህን ካብ የሚክቡ ልጆች ታውቃቸዋለህ?"

"የእናቴን ጓሮ ክበዋል።"

"ምን ወሰዱ?"

"ምሳ።"

"ከምሳ ሌላ?"

"ራትም በልተዋል" አለኝ፤ እንደ እብድ እያየኝ።

ገራዶ አልፈን፣ መኪናው የማይሄድበትን በእግር ወጥተን፣ አመሻሽ ላይ አክስቴ ቤት ደረስን። የአክስቴ ቁመት በጣም አጥሯል። ወይም እኔ ከመጣሁ ቆይቼ ይሆናል። አቅፋ ሳመችኝ፣ ከዚያም ቦርሳዬን ዳበሰችና "ምን ያህል ብረት ነው ያመጣህ?" አለች። ልጆቹን ጎረቤት ለጎረቤት አከፋፍላ አሳደረቻቸው፤ ገሚሱ ጋሽ መንገሻ ቤት ሄደ። ይህንንም አልወደድኩትም።

ብርሃን ሳለ ብቻዬን ወደ ናዳው ወጣሁ። የድሮው ካብ መሠረት በፍርስራሽ ተውጦ አይታይም። ከዚያ በላይ፣ ገና ያልተናደው የማሳው ጠርዝ ላይ፣ እሬት ተተክሏል፤ ያደጉ፣ ጥቅጥቅ ያሉ፣ በእጅ የተተከሉ። እኛ ሰፈር እሬት የሚተከለው የግቢ ዳር ለማመልከት ነው። ደግሞ አንድ ነገር አየሁ፤ ጋሽ መንገሻ ማሳቸውን እስከ ጠርዙ አላረሱትም። ጥቂት እርምጃ ሲቀራቸው በሬዎቹን መልሰዋል። ትልሙ ተጠማዝዞ ይታያል። ሰው የራሱን መሬት ለምን ጦም ያሳድራል? የራሱ ስላልሆነ ነዋ! እየሮጥኩ ወርጄ አክስቴን ጠየቅኳት።

"ያንን እሬት ማነው የተከለው?"

"እኔ ነኝ" አለችና እሳቱን ልታነድ ዞረች።

ከዚህ በላይ ማስረጃ ምን ይመጣል! ድንበሩ እሬቱ ጋ ነው፤ የተከለችው እሷ ናት፤ ሰውዬውም ያውቃሉ፤ አሁን ካቡን ወደ ታች አውርደው በማስካብ መሬቱን በዝምታ ሊውጡት ነው። ለአክስቴ ምንም አላልኳት። ሴት ብቻዋን ስትኖር ጎረቤት ትፈራለች ብዬ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ሰዉ ተሰበሰበ። ከከተማ የመጡት ልጆች፣ የመንደሩ ሙስሊምና ክርስቲያን፣ ሸህ እንድሪስ የሚባሉ የመንደሩ ታላቅ ሽማግሌ። ጋሽ መንገሻ ረጅም፣ ከሲታ፣ ንግግራቸው ጥቂት የሆነ ሰው ናቸው። እጄን በሁለት እጃቸው ይዘው "እንኳን ደህና መጣህ፤ እናትህን አውቃታለሁ" አሉኝ። ሸህ እንድሪስ ዱዓ አደረጉ፤ ግማሹ አሚን አለ፣ ግማሹ አሜን። ቀጥለው ወደ እኔ ዞሩ።

"እንግዲህ ተሾመ፣ በኛ አገር ድንበር ላይ ካብ ሲካብ መስመሩን ጎረቤት አይዝም። ነገ ገፋህ፣ ተገፋሁ እንዳይባል ከቤቱ ባለቤት ወገን የመጣ ዘመድ ነው የሚይዘው። እሱ የያዘው ላይ እንክባለን፤ ማንም አይቃወም። አሁን ያዝልን።"

ይህን አልጠበቅኩም። መጀመሪያ ወጥመድ መሰለኝ። ኋላ ግን ሊያታልሉኝ ያሰቡት ሰዎች ገመዱን በራሳቸው እጅ አስጨበጡኝ ብዬ ውስጤ ሳቀ። ሲባጎዬን አወጣሁ። አንዱን ጫፍ ዳር ካለው ቋጥኝ ላይ አሰርኩ፤ ሌላውን ወጥሬ በእሬቱ ላይኛ ጎን አሳለፍኩ። "መሠረቱ እዚህ ይቆፈራል" አልኩ።

ማንም አልተንቀሳቀሰም። የከተማ ልጆች ዶማቸውን አንስተው የመንደሩን ሰዎች አዩ፤ የመንደሩ ሰዎች መሬት መሬት ያያሉ። አሚናት "ምነው?" አለች። ሸህ እንድሪስ አንዴ ጋሽ መንገሻን፣ አንዴ እኔን አይተው "ተሾመ፣ ትንሽ ወረድ ብታደርገው..." ብለው ሳይጨርሱ አቆሙ።

"ማንም አይቃወም አላሉም እንዴ?" አልኩ። "እሬቱን የተከለችው አክስቴ ናት። ጋሽ መንገሻም ያውቃሉ፤ ባያውቁ ኖሮ በሬያቸውን እዚህ ጋ አይመልሱም ነበር። ልክ ነኝ?"

ጋሽ መንገሻ አልመለሱልኝም። ዝምታቸውን ማመን አድርጌ ወሰድኩት። ዶማ ከአንዱ እጅ ነጠቅኩና የመጀመሪያውን እሬት ከነሥሩ ነቅዬ ወደ ጎን ጣልኩት። ሁለተኛውን ስመታ ጋሽ መንገሻ ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ ስበው ዞሩ፤ ዳገቱን ይዘው ወደ ቤታቸው ሄዱ። ነቃሁባቸው አልኩ በልቤ።

አክስቴ ለሠራተኛው ንፍሮ በሰፌድ ይዛ እየወጣች ነበር። የተነቀለውን እሬት ስታይ ሰፌዱን መሬት አስቀመጠች። አልጮኸችም። መጥታ ክንዴን ያዘችና እንደ ልጅ እየጎተተች ከቤቷ ጀርባ ወሰደችኝ።

"የሱ ልጅ ነው እዚያ ያለው" አለችኝ።

"የማን?"

"የመንገሻ። ክርስትና ሳይነሳ የሞተ ልጁ ነው። ያልተጠመቀ ልጅ ቤተ ክርስቲያን አይቀበርም፤ ያንተው ሃይማኖት ነው፣ ታውቀዋለህ። በጨርቅ ጠቅልሎ ወስዶ ማሳው ዳር ቀበረው። አበበች፣ ሚስቱ፣ አራስ ናት፤ የት እንዳለ እንኳ አላየችም። ቀብር እንዲያው ባዶውን ሲሆን ጭንቅ አለኝ። እኛ መቃብር ላይ እሬት ነው የምንተክል። ወስጄ ተከልሁለት። ሌላ የማውቀው የለማ።"

እጄ ላይ የቀረውን የእሬቱን አፈር አየሁ።

"አበበች ስትሞት 'ዘሐራ፣ እሱን አማና' አለችኝ። አደራ ተቀብዬ የት ነው የምሄድልህ? መንገሻ እዚያ ቀርቦ አያውቅም፤ በሬውን እንኳ አያደርስም። እኛም በፊቱ አንስተነው አናውቅም።"

"የድንበሩ ክስስ?"

"እሱማ አለቀ። እሬቱን የተከልሁ ሰሞን ነው መንገሻ ክሱን የተወው። እናትህ አዳማ ሆና መጀመሪያውን እንጂ መጨረሻውን አልሰማች።"

"ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?"

"የሰው ሐዘን ነው፤ የኔ አይደለም የምነግርህ። ማን ተከለው አልኸኝ፣ እኔ አልሁህ።" ከዚያ ዓይኗ ሞላ። "ካቡ ሲናድ ያለቀስሁት ለነጭ ሽንኩርት መስሎህ ነበር?"

አፈርኩ። እንዲህ አፍሬ አላውቅም። ሥራው ቆመ፤ የከተማ ልጆች ድንጋይ በመልቀም ዋሉ፤ እኔ የነቀልኩትን እሬት በሁለት እጄ መልሼ ተከልኩ። አክስቴ ዙሪያውን አፈሩን እየጠቀጠቀች "እሬት ነፍሱ ጽኑ ናት" ትላለች። እሬቱ ግን ዘንበል ብሎ ነበር፤ የሚጸድቅ አልመሰለኝም።

እሑድ ማለዳ ከፍርስራሹ አንድ ድንጋይ መርጬ ማጅራቴ ላይ ተሸክሜ ከሸህ እንድሪስ ጋር ወደ ቤተ ክርስቲያን ወጣሁ። ሸሁ ከግቢው አጥር ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ቅዳሴ እስኪያልቅ ከእኔ ጋር ጠበቁ። ከቅዳሴ የሚወጣው ሕዝብ ሁሉ "ሸህ እንድሪስ፣ እንዴት አደሩ?" እያለ ያልፋል፤ እኔን አይቶ ነገሩ የገባው ዓይኑን ይሰብራል። ጋሽ መንገሻ ሲወጡ ተንበረከክሁ። ሸሁ "መንገሻ፣ አላወቀም። ለአላህ ብለህ" አሉ።

ጋሽ መንገሻ ቆመው ከላይ እስከ ታች አዩኝ። ይህ ሰው አሁን ቢሰድበኝ ደስታው የእኔ ነው ብዬ ተዘጋጀሁ።

"ድንጋዩን አውርደው" አሉኝ። "እዚህ ግን አትጣለው፤ ጥሩ ድንጋይ ነው። ይዘኸው ውረድ፣ ለካቡ ይሆናል። ዝናቡ እየመጣ ነው።"

ጥቂት ሄደው ዞሩና "መስመሩንም አንተው ትይዛለህ" አሉ። እኔ ከእንግዲህ መስመር እንደማልነካ ልምል ስል ሸሁ ጎሸሙኝ።

ያዝኩ። ከእሬቱ በታች፣ ከድሮውም መሠረት ወረድ አድርጌ፣ ማንም ሳይለኝ ወደ አክስቴ የሽንኩርት መደብ አስገባሁት፤ ለልጁ ሰፋ ያለ ቦታ እንዲኖረው። ጠርጥሬ መጥቼ አክስቴን የመነጠርኳት እኔው ሆንኩ። አየችና "ደግ አደረግህ" አለች።

በሰንበት የመንደሩ ክርስቲያኖች ድንጋይ አያነሱም፤ እነሱ ምግብና ውሃ ያመላልሳሉ። ያን ቀን የካቡት የከተማ ልጆችና የመንደሩ ሙስሊሞች ናቸው። የተሸከምኩት ድንጋይ መሠረት ገባ። ትልልቁ ከሥር፣ ረጃጅሙ ወደ ውስጥ እንዲነክስ፣ ጠጠሩ ለመሀሉ። እኔም ለጥፋቴ ካሳ ሰንበቱን ሽሬ አንድ ጥግ ይዤ ቱንቢዬን አንጠልጥዬ ቀጥ አድርጌ ስክብ አሚናት መጥታ ትንሽ አየችና ገመዱን በጣቷ አወዛወዘችው።

"ጋሼ፣ ካቡ ወደ ተራራው ዘንበል ካላለ ተራራው ወደ እርስዎ ዘንበል ይላል።"

አፍርሼ እንደገና ጀመርኩ። ስንሠራ ከመነሻዬ ጀምሮ አፌ ላይ የነበረውን ጠየቅኳት፦ "እውነቱን ንገሪኝ፣ በነፃ ለምን ትሠራላችሁ?"

"ሳምንቱን ሙሉ ክር ነው የማየው፣ ጋሼ። ክር ሲቆረጥ መቀጠል፣ ክር ሲቆረጥ መቀጠል። ድንጋይ ሳይ ዓይኔ ያርፋል።" አንድ ጠጠር መሀሉ ወትፋ "ደግሞ ንፍሮው" አለች።

አመሻሽ ላይ አይሱዙው ይዟቸው ሄደ። ሰኞ ደግሞ ክርስቲያኖቹ ወጡና የቀረውን ጨረሱ። ጋሽ መንገሻ ሲክቡ ዋሉ፤ ከታች በኩል ነበሩ፤ ፊታቸው ወደ ካቡ፣ ዓይናቸው ግን ከጠርዙ በላይ አልወጣም። ሥራው ሲያልቅ ድንጋዩን በመዳፋቸው ሁለት ጊዜ መታ መታ አደረጉትና ሄዱ። አክስቴ ለሁላችንም የማያሰክር የገብስ ቃሪቦ ቀዳች። ለልብሷ ብዬ ከአዳማ ያመጣሁትን ባዶ ሻንጣ አጣጥፋ መለሰችልኝ። አልተከራከርኳትም።

ማክሰኞ ተመለስኩ። ከኮምቦልቻ እስከ ከሚሴ አጠገቤ የተቀመጠች ሴት ሙዝ ሰጠችኝ፤ በላሁት። ቦርሳዬን ግን እግሬ ላይ አስሬያለሁ፤ አመል አመል ነው።

የበልጉ ዝናብ ወሎ ላይ እንደጠነከረ በሬዲዮ የሰማሁ ቀን ደወልኩ። "ቆሟል" አለች አክስቴ። "አንተ የካብኸው ጥግ ትንሽ ሆዱ ወጣ እንጂ ቆሟል።"

"እሬቱስ?"

"ቆይ" አለችና ስልኩን ለሌላ ሰው ሰጠችው። ጋሽ መንገሻ ነበሩ። ሳል ሳል አሉ።

"ተሾመ" አሉኝ፣ "የልጄ እሬት አበበ።"

ልጄ አሉ። ከኋላቸው አክስቴ ስትተነፍስ ይሰማኛል። እኔም እግዚአብሔር ይመስገን ብዬ ዘጋሁ።

እውነቱን ለመናገር፣ ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ጥርጣሬዬ ተነሳ። እኔ እንዳላዝን ተመካክረው የፈጠሩት ቢሆንስ? አሚናት በሚቀጥለው እሑድ በዚያ ስታልፍ ፎቶ አንስታ እንድትልክልኝ ለመንኳት። ላከችልኝ። ሆዱ የወጣው የእኔ ጥግ በደንብ ይታያል። ከሱ በላይ እሬቱ ቀይ አበባውን አቁሟል። ጋሽ መንገሻ ከጎኑ መሬት ላይ ተቀምጠዋል፤ ጋቢያቸውን አንጥፈው።